ዛሬ ምላሴ አንቺ ነሽ

«ኧረ በዚህ ቀን!» አለ ሎሂት፣ መሀረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ። «ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲደበድበኝ ጤነኛ ነበርኩ። ጉንፋኑ የውድድሩን ቀን ጠብቆ መጣ።»

ሱማና ሳቋ መጣና ዋጥ አደረገችው። ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው አብጦ፣ ነጩ የወጥ ቤት ኮፍያ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ሲታይ ከማሳቁ ይልቅ ያሳዝን ነበር።

«ምንም አይሸትህም?»

«ምንም። ቅድም ሻይ ጠጥቼ ሙቅ ውሃ ነው የመሰለኝ። ስኳር ይኑረው አይኑረው አላወቅሁም።»

«ታዲያ እንዴት ልታበስል ነው?»

«እጄ ያውቀዋል። እናቴ ስትሠራው እያየሁ ነው ያደግሁት። የምፈራው መጨረሻውን ነው፤ ቀምሶ ‹በቃ፣ ይውጣ› የሚል ሰው ያስፈልገኛል።» መሀረቡን ኪሱ ከተተና ዓይን ዓይኗን አያት። «ዛሬ ምላሴ አንቺ ነሽ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቃል ልቧ በቀለጠ ነበር። ዛሬ ግን ፈገግ ብላ ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች። ሱማና በሕይወቷ ዓሣ ቀምሳ አታውቅም።

አባቷ ሽሪዳራ ኡፓድያ በሕንድ፣ በኡዱፒ ከተማ በቤተ መቅደስ ግብዣና በሠርግ ድግስ ስማቸው የተጠራ ወጥ ሠሪ ናቸው። በእነሱ ቤት ሥጋና ዓሣ ቀርቶ ሽንኩርት እንኳ ደጃፍ አያልፍም። ደግሞም ምግብ ለአምላክ ሳይቀርብ አይቀመስም። ሽሪዳራ ለመንደር የሚበቃ ድስት ጥደው፣ ጭልፋውን ከአፍንጫቸው ሥር ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው «ጨው አንሶታል» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። ሱማና በእኚህ አባት እየኮራች ነው ያደገችው።

ሎሂት ኩንደር ደግሞ የማልፔ ወደብ ዓሣ አጥማጆች ልጅ ነው። አባቱን ባሕር ከወሰደው ወዲህ እናቱ ጊሪጃ ገበያ ላይ ዓሣ እየሸጡ አሳደጉት። ልጃቸውን ለባሕር እንደማይሰጡ ስለማሉ ነው ማንጋሎር ድረስ ልከው የምግብ ዝግጅት ኮሌጅ ያስገቡት። አሁን ለእሱም ለሱማናም የመጨረሻ ዓመት ነው። የተማሪዎቹን ውድድር የሚያሸንፉት ጥንዶች ሙምባይ ትልቅ ሆቴል ገብተው ይሠለጥናሉ። ለሱማና ይህ ደስ የሚል ዕድል ነበር። ለሎሂት ግን ከዚህ ሌላ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ባሕሩ ለአጥማጆች ሲከፈት በአጎቱ ጀልባ ላይ ክፍት ቦታ ይጠብቀዋል።

ምግቡን የመረጠችውም ራሷ ሱማና ናት። ሎሂት «ያባትሽን የአናናስ ወጥ እንሥራ፤ እሱ አያሳፍረንም» ብሎ ነበር።

«አይሆንም!» አለችው ያኔ። «ያንተን እናት ምግብ ነው የምንሠራው። በክረምት፣ ጀልባ በማይወጣበት ጊዜ የሚሠሩትን፤ ደረቁን ዓሣ ከጃክፍሩት ፍሬ ጋር። ዳኞቹ የማን ልጅ እንደሆንክ ይወቁ።»

ያን ቀን ሎሂት አንገቱን ደፋ። በእናቱ ሙያ የኮራችለት ሴት አጋጥማው አታውቅም ነበር። ማን እንደሚቀምሰው ግን ሁለቱም አላነሱም።

የኮሌጁ ወጥ ቤት አገር ምድሩ የተጠራበት ሠርግ ቤት መስሏል። የፑንጃብ ልጆች ጥቁር ምስራቸውን በቅቤ ያንተከትካሉ። ከሃይደራባድ የመጡት የሩዝ ድስታቸውን አፍ በሊጥ ለጥፈው፣ ሕፃን እንዳስተኛ ሰው «ዝም በሉ» እየተባባሉ ዙሪያውን ቆመዋል። የናጋላንዱ ልጅ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋውን ከቀርከሃ ቡቃያ ጋር ጥዶ ጎረቤቶቹን በሽታው ያባርራል። የሱማና የመኝታ ክፍል ጓደኛ ፒያሊ ደግሞ የኮልካታ ልጅ ናትና፣ ዓሣዋን በሰናፍጭ ለውሳ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ጎን ለጎን ትለፈልፋለች።

«ሱሚ! ነይ እስቲ ይህቺን ቅመሺልኝ!» ብላ ጮኸችና ወዲያው ግንባሯን መታች። «ኧረ ለካ አንቺ ጾመኛ ነሽ! የናንተ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ነው እንዴ የሚጾመው?»

ሁሉም ሳቁ። ሎሂትም ሳቀ። ሱማና ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ አባቷ የሚልኩላትን ምግብ ከምግብ ሣጥኗ ጣቱን እየላሰ ሲበላ፣ እሷ ከሱ ምግብ ስትጋበዝ ሁልጊዜ ጾም ነበረች። ጾሙ በእርግጥ አለ፤ እንዲያ ግን አይበዛም።

ሎሂት በእውነትም እጁ ያውቅ ነበር። ኮኮናቱን ከደረቅ በርበሬና ከድንብላል ጋር አድቅቆ፣ የተዘፈዘፈውን ደረቅ ዓሣ፣ ከትልቁ ፍራፍሬ፣ ከጃክፍሩቱ፣ የወጣውን ፍሬና ጥሬውን ማንጎ ጨምሮ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጎ አንተከተከው። ቀልቶ ሲወፍር ፒያሊ ሳትቀር አንገቷን አስግጋ አየች።

«ጨው አላደረግሁበትም» አለ ሎሂት፣ ፊቱን ከድስቱ አዙሮ እያነጠሰ። «ዓሣው ራሱ ጨው አለው፤ ሲዘፈዘፍ ሁሉንም አይለቅም። ቅመሺና፣ ካነሰው ብቻ ጣል አድርጊበት። እኔ ሩዙን ላምጣ፤ እዚህ ቆሜ ባነጥስበት ጉዳችን ነው።»

ሄደ። ሱማና ማንኪያውን ሞልታ ወደ አፏ አቀረበችው።

ሽታው ፊቷን መታት። ከንፈሯ ላይ ደርሶ እንፋሎቱ ተሰማት፤ ከንፈሯ ግን አልከፈት አለ። ክፈቺ፣ አለች ለራሷ። አንዲት ጉንጭ ናት፤ ለሎሂት ነው። ማንኪያውን ትንሽ አራቀችው። ይሄኔ አባቷ ትዝ አሏት። እሳቸውስ በአፍንጫ አይደል? ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። የጨውን ሽታ ከአትክልት ወጥ ውስጥ አሳምራ ትለያለች፤ እዚህ ውስጥ ግን ባሕር ብቻ ነው የሸተታት። ማንኪያውን እንደ ሞላ ለሩዙ ከተዘጋጀው ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ጀርባ አስቀመጠችውና ጨው አነሳች። አባቷ ይህን ለሚያህል ድስት የሚያደርጉትን ያህል፣ ያንኑ ልክ፣ በተነችበት።

ሎሂት ሩዙን ይዞ ተመለሰ። «ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት።»

«እህ?»

«ቁርጥ የእናትህ እጅ ነው» አለችው።

የሎሂት ፊት በደስታ ሲበራ ያየችውን፣ ያን ብርሃን፣ ብትሞት አትረሳውም።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። በኮሌጁ የሚፈሩት መምህርት ሼፍ ሬጎ ቀድመው ጎረሱ። አላኘኩም። እጃቸው ወደ ውሃው ብርጭቆ ሄደ። ከሙምባዩ ሆቴል የመጣው ሰው ደግሞ የጎረሰውን በጨርቅ ተቀብሎ ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው።

«ይህን ጨው የበዛበት ምግብ» አሉ ሼፍ ሬጎ ውሃቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ «ማነው ቀምሶ ያወጣው?»

ሎሂት ዞሮ ሱማናን አያት። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ምን ተፈጠረ የሚል ግራ መጋባት ብቻ ነበር። ሱማና አፏን ከፈተች። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ከኋላ አዳራሹ ሙሉ ተማሪ፣ ከፊት ሦስት ዳኛ፣ እና «ምነው አልጎመዘዘሽም ታዲያ?» የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ታያት።

«እኔ ነኝ» አለ ሎሂት። «ጉንፋን ይዞኛል። ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ።»

«ጣዕም የጠፋበት ሰው ለሰው ምግብ አያወጣም» አሉ ሼፍ ሬጎ። «ይህንን የመጀመሪያ ዓመት ላይ አስተምሬሃለሁ።»

«አዎ ማዳም።»

ሱማና አፏን መልሳ ዘጋች። ዳኞቹ ወደ ፒያሊ ጠረጴዛ አለፉ። ሱማናም ፊቷን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች፤ የቧንቧውን ውሃ ከፍታ፣ ማንም እንዳይሰማት አፏን በእጇ አፍና አለቀሰች። ስትመለስ ጠረጴዛው ጸድቷል፣ ድስቱ ታጥቧል፣ ሎሂትም ሄዷል። ሳይሰናበታት ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሎሂት ጠፋ። ስልክ አያነሳም። «ይቅርታ» ብላ ትጽፍና ታጠፋለች፤ «ደህና ነህ?» ብላ ትልካለች፤ ያየዋል፣ አይመልስም። ፈተናውን ጨርሶ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ማልፔ መሄዱን የሰማችው ከፒያሊ ነው።

«ወንድ ልጅ ሲሸነፍ እንዲህ ነው» አለች ፒያሊ፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ የተጠበሰ ሩዝ በኦቾሎኒ እየቆረጠመች። «ኩርፊያው ሲበርድለት ይመጣል። ደግሞ ለጨው! ለጨው ይህን ያህል ይኮረፋል?»

«ጨው ያበዛሁት እኔ ብሆንስ?»

«ብትሆኚስ? ሰው አይሳሳትም? ቀምሰሽ ተሳሳትሽ፣ አለቀ።»

ሱማና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀምሳ ብትሳሳት ኖሮ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዛ ማልፔ ወረደች። ጀልባዎቹ ወደብ ውስጥ ጎን ለጎን ታስረው ይወዛወዛሉ። የእነ ሎሂትን ቤት የጠየቀቻት ሴት ከእግር እስከ ራሷ ካየቻት በኋላ በአገጯ ጠቆመቻት። ሎሂት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግናል። እሷን ሲያይ እጁ ቆመ፤ ከዚያም ምንም እንዳላየ ቀጠለ።

እናቱ ጊሪጃ እጃቸውን በሳሪ ልብሳቸው ጫፍ እያደረቁ ብቅ አሉ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ገበያ የለመደ ሴት ናቸው።

«ማነሽ አንቺ? ዝናብ ላይ ተገትረሽ!» ካሉ በኋላ ልጃቸውን አየት፣ እሷን አየት አደረጉና ገባቸው። «ቆይ ቆይ! የምግብ ሣጥኗ ልጅ ነሽ አይደል? ግቢ፣ ግቢ! ያባትሽን የአናናስ ወጥ ይህ ጅል እያስተረፈ አምጥቶልኝ ቀምሼዋለሁ። እጃቸው ይባረክ! ጣቴን ልበላ ምንም አልቀረኝ።»

ሱማና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እኚህ ሴትም ከቤቷ በልተዋል ለካ።

«አማ» አለች፣ በአገራቸው ልማድ እንደ እናት ጠርታቸው፣ በረንዳው ጫፍ ላይ እንደቆመች፣ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ። «አልገባም። መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር አለኝ። ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ። ሎሂት አይደለም። እሱ ቅመሺ ብሎ ሰጠኝ፣ እኔ ሳልቀምስ ቀመስኩ አልኩት። ዳኞቹ ሲጠይቁም ዝም አልኩ።»

የሎሂት መርፌ መረቡ ውስጥ ቆመ። ቀና ግን አላለም።

ጊሪጃ ትክ ብለው አዩአት። «የናንተ ሰዎች ለአምላክ ሳይቀርብ አትቀምሱም ሲሉ ሰምቻለሁ። ልማዳችሁ ነው?»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተላት። አዎ ብትል ማንም አይፈርድባትም። ልማድ ነው፣ ሃይማኖት ነው፣ ብላ ራሷን ለስንት ቀን ስታባብልበት የከረመችው መልስ ነው።

«አይደለም አማ» አለች። «ተጸይፌ ነው።»

ጊሪጃ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ። ከቁጣ ይልቅ ድካም ነበር የታየባቸው፤ ይህን ነገር በሕይወታቸው ከብዙ ሰው ፊት ላይ ሲያነቡት ኖረዋል፣ በቃል ሲነገራቸው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ ሎሂት።

«ምን?»

«ማንኪያሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከሩዙ ሳህን ጀርባ አገኘሁት፤ እንደ ሞላ፣ ቀዝቅዞ። ከንፈርሽ አልነካውም።» መረቡን አስቀመጠ። «ስለ መሸነፉ የተቀየምኩሽ መስሎሻል አይደል? ዳኞቹ ፊት የሸፈንኩሽ ተሳስታ ነው ብዬ ነው፤ ደስ እያለኝ። በኋላ ማንኪያውን ሳገኝ... ሱማና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤትሽን ምግብ ስበላ አንቺ ጾም ነሽ። ጸሎተኛ መስለሽኝ ኮራሁብሽ! ለናቴ ሁሉ ‹ጾመኛ ናት› ብዬ አውርቼላታለሁ።»

«ሎሂት...»

«‹ቁርጥ የእናትህ እጅ ነው› ስትዪኝ የትኛዋን እናቴን ማለትሽ ነበር?»

ሱማና ወደ ጊሪጃ ዞረች። «ይስጡኝ አማ። አሁን እዚሁ እበላለሁ። የፈለጉትን ይስጡኝ፣ እጨርሰዋለሁ።»

«አትበይም» አሉ ጊሪጃ።

«እባክዎ...»

«አትበይም አልኩሽ! የኔ ምግብ ቅጣት አይደለም። ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደ መድኃኒት የምትውጪው ነገር በቤቴ የለም። እኔ በዚህ ዓሣ ልጅ አሳድጌበታለሁ።» ድምፃቸው ተሰበረና መልሰው ጠገኑት። «እውነቱን ስለነገርሽኝ ጃንጥላ እሰጥሻለሁ። ምግብ ግን ርቦሽ ስትመጪ ነው።»

ሱማና የጊሪጃን ጃንጥላ ይዛ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ሳትዘረጋው መሄዷን ያወቀችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከልብሷ ላይ ውሃ ሲንቆረቆር ነው።

ወደ ማንጋሎር ተመልሳ ያንኑ ሳምንት ሼፍ ሬጎ ቢሮ ገባች። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሼፏ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ቦታው ተሰጥቷል ልጄ። አሸናፊዎቹ ሙምባይ ገብተዋል። በዚያች ደቂቃ ብትናገሪ ኖሮ ሌላ ድስት እንዲያወጣ ጊዜ እሰጠው ነበር። ጉንፋን የያዘውን ልጅ እጅ እኔም አይቻለሁ። አሁን ምን ላድርግልሽ?»

በዚያች ደቂቃ። ሱማና አመስግና ወጣች። ከደረጃው ላይ፣ ሎሂት ሣጥኗን ከጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይበላበት ከነበረው ቦታ፣ መነሳት አቅቷት ብዙ ተቀመጠች።

ለአባቷ የነገረቻቸው ኡዱፒ ገብታ ነው። ሽሪዳራ ለሠርግ ዱባ ይከትፉ ነበር። የዓሣ አጥማጅ ልጅ መውደዷን ሲሰሙ ቢላዋው ቆመ፤ የውድድሩን ነገር እስክትጨርስ ግን አላቋረጧትም።

«እኔ ሳልቀምስ የማበስለው» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ከዱባው ሳያነሱ፣ «ከኔ በፊት የሚበላ ስላለ ነው። አንቺስ ለማን ብለሽ ነው ያልቀመስሽው?»

«ለማንም አባባ። ለራሴ።»

«እንግዲያው የኔን ስም ከዚህ አውጪው።» መክተፋቸውን ቀጠሉ። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ያን ምሽት ራታቸውንም አልበሉም። ሱማና የአባቷን ያልተነካ ሳህን ስታነሳ፣ ሁለት ቤት ማስከፋቷን አሰበች።

ባሕሩ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። የማልፔ ሰው በማለዳ ወደ ዳርቻው ወርዶ ወተትና ኮኮናት ለባሕሩ ያቀርባል፤ ከዚያ ጀልባዎቹ ይወጣሉ። ሱማና የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ መጣች። ቁርስ አልቀመሰችም፤ ትናንትም በጸጸት እህል አልወረደላትም። አውቃ አይደለም የተራበችው። ከበሮው ከሩቅ ሲሰማ፣ የእነ ሎሂት በረንዳ ላይ ደርሳ ከውስጥ የሚወጣው ሽታ ሲቀበላት፣ ሆዷ ጮኸ። ያው ሽታ ነው። ኮኮናቱ፣ ማንጎው፣ ባሕሩ።

ሎሂት የጉዞ ከረጢቱን እያሰረ ነበር። ቆመው ተያዩ። ከስቷል፤ እሷም ከስታለች።

ጊሪጃ ከወጥ ቤት ወጡ። ዓይናቸው እንቅልፍ አላየም። «ጃንጥላዬን አመጣሽ?»

«አምጥቻለሁ አማ።» ጃንጥላውን ግድግዳው ጥግ አቆመችው። «ርቦኛል።»

ጊሪጃ ብዙ አዩአት። ሴትዮዋ የተራበ ሰው አይጠፋቸውም። ለልጃቸው ካቀረቡት ማዕድ ጎን ሌላ ሳህን ዘረጉ፤ ቀዩን ሩዝ አደረጉበትና በላዩ ጭልፋውን ገለበጡ።

ሱማና እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ሩዙን በጣቶቿ ለወሰችና ጎረሰች። መጀመሪያ ያው ሽታ አፏን ሞላው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለቱም እያዩአት ነበር። አኘከችና ዋጠች። ሁለተኛውን ስትጎርስ የማንጎው ኮምጣጣነት መጣ፣ ከኋላው የኮኮናቱ ጣፋጭነት፣ የጃክፍሩቱ ፍሬ ድንች መሰል ልስላሴ። ሦስተኛውን ጎረሰች። አራተኛውን ልታነሳ ብላ እጇን ቆም አደረገች። የምትለው ነገር ነበራት፤ በዚህ ቤት፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አወቀችው። ግን ደግሞ አንድ ጊዜ ዝም ብላ ያመጣችውን አይታለች።

«አማ...» አለች። «ጨው አንሶታል።»

ሎሂት ከረጢቱን ለቀቀው። ጊሪጃ ቅንድባቸውን ሰቅለው ወደ ድስቱ ሄዱ፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፤ እንደገና ነከሩ። ከዚያ እጃቸው ድስቱ አፍ ላይ ቀረ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ጨርሶ ውሃ ሆኗል! ዓሣውን አጥቤ አጥቤ... ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።» ሳሪያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ከአባቱ ቀጥሎ እሱን በዚህ በር ስሸኝ እጄ ምን እንደሚሠራ አላወቅሁም።» እና እኒያ ገበያውን በድምፃቸው የሚገዙት ሴት ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

ሱማና ተነስታ የተለወሰ እጇን ሳትታጠብ አጠገባቸው ቆመች። «እኔ ነኝ አማ» አለች። «ሎሂትን ጀልባው ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅር አይበሉኝ። ግን እሱ እስኪመለስ ድረስ ልምጣ። እየመጣሁ ልብላ። ብቻዎን አይብሉ።»

ጊሪጃ ጨው አንስተው ቆንጥረው ጨመሩ፣ አማሰሉና ማንኪያውን ወደ ሱማና አፍ አቀረቡ። «አሁንስ?»

ሱማና ቀመሰች። «ትንሽ ይቀረዋል።»

ጨመሩ። «አሁንስ?»

«አሁን በቃ።»

ሎሂት ሳቀ። ከውድድሩ ቀን ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። እናቱ ከድስቱ እንደ አዲስ ሲገለብጡለት በሱማና አጠገብ ተቀመጠና ከራሱ ሳህን ጎረሰ፤ አፍንጫው ተከፍቷል፣ ምላሱ ተመልሶለታል፤ እያኘከ ዓይኑን ከሷ አላነሳም። በዚያ ዓይን ውስጥ ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ የበራው ብርሃን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ብልጭ አለ።

ከወደቡ የጀልባው ጥሩምባ ጮኸ። አጎቱ ስሙን እየጠራ ነው።

ሎሂት ተነሳ። የእናቱን እግር ነክቶ ተመረቀ፤ ከረጢቱን አነገተ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ሱማና ዞረ።

«ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አለ። «ገና ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ግን እናቴ ካንቺ በቀር የሚቀምስላት የለም።»

ዝናቡ አባርቷል። ሱማና በሩ ላይ ቆማ፣ እሱ በወደቡ ሰው መካከል እያነሰ ሲሄድ አየችው። ልታለቅስ ፈለገች፣ ግን በዚህ ቤት የማልቀስ መብት የእናቱ መሰላት። የእጇ ጣቶች ላይ ዓሣው ደርቋል። አልታጠበችውም። ወደ ውስጥ ተመለሰችና ከጊሪጃ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሎሂት ጀምሮ የተወውን ሳህን ወደ ራሷ ስባ፣ የተረፈውን ሁሉ ቀስ እያለች በላች። ምግቡ አሁን ጨው አላነሰውም። ጣፍጦ ነበር፤ በጣም ጣፍጦ ነበር፤ ሁለት ዓመት የሸሸችው ይህን ነበር፤ የከበዳትም ይኸው ነው።